መጥፎ ምስጢር ምንድን ነው?

ልጅን የሚያጠቃ ሰው ብዙ ጊዜ ጉልበት አያስፈልገውም። የልጁ ዝምታ ይበቃዋል። ዝምታውንም ቀደም ብሎ ያለማምዳል። "እማዬ እንዳትሰማ" ብሎ ከረሜላ ይገዛል። ልጅቷ ካልተናገረች ሌላ ነገር ይሞክራል። "ይሄ የእኔና የአንቺ ብቻ ነው" የምትለዋ ነገር የምትመጣው እዚህ ላይ ነው።

መጥፎ ምስጢር የሚባለው ይሄ ነው፦ ልጁን የሚያስጨንቅ፣ መቼም እንዳይወጣ የታሰበ፣ ከጀርባው ማስፈራሪያ ያለበት። "ብትናገሪ እናትሽ ታባርርሻለች።" "እኔ እታሰራለሁ፣ በአንተ ምክንያት።" ለአባዬ ልደት የተደበቀ ስጦታ ሌላ ነው። እሱ ቀን ተቆርጦለታል፤ ሲገለጥም ሁሉም ይስቃል። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ልዩነት መረዳት አያቅተውም።

በእንግሊዝ ኤንኤስፒሲሲ የተባለው የሕፃናት ጥበቃ ድርጅት "ፓንትስ" በሚላቸው አምስት ቀላል ሕጎች ውስጥ አንዱ በቀጥታ ስለዚህ ነው፦ የሚያስከፋህን ምስጢር ተናገር።

እኛ ቤት ግን ትምህርቱ ተቃራኒ ነው። የቤት ገመና አይወጣም። ልጅ በትልቅ ሰው ወሬ አይገባም። እንግዳ ሲመጣ "ሂጂ ጋሼን ሳሚያቸው" እንላለን፤ ፊቷን ካዞረች "ባለጌ!" ትባላለች። ከዚያ እኚሁ ጋሼ ያልሆነ ነገር ሲሞክሩ "እምቢ" እንድትል እንጠብቃለን። ከየት አምጥታ? እጅ መጨበጥ ይበቃል፤ ማንም አይቀየምም።

ከፍ ያሉት ላይ ምስጢሩ ስልክ ውስጥ ነው። ቴሌግራም ላይ የተላከ አንድ ፎቶ፣ ከዚያ "እለቀዋለሁ" የሚል ዛቻ። ብዙዎቹ ዝም የሚሉት ስልካቸው እንዳይቀማ ጭምር ነው። ስለዚህ ነገሩ ሳይመጣ "ብትነግሪኝ ስልክሽን አልወስድም" ማለት ከረጅም ምክር ይሻላል። ቃል ከገቡ ደግሞ መጠበቅ ነው።

ልጅ ሁሉንም በአንዴ አይዘረግፍም። "እዛ ቤት አልሄድም"፣ "አስጠኚው ይቅርብኝ" ብሎ ፊትዎን ያያል። ከጮሁ "አይ፣ ቀልዴን ነው" ይላል። ቃሉን አጠፈ ማለት ዋሸ ማለት አይደለም። በጥያቄ አያጣድፉት። "የነገርከኝ ጥሩ አደረግክ፣ ጥፋቱ የአንተ አይደለም" ይበሉት። ለማንም አልናገርም ብለው ግን ቃል አይግቡ፤ መናገርዎ አይቀርምና።

ጉዳዩ የሽማግሌ እርቅ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዕድሜዋ 13 ዓመት ባልሞላ ሕፃን ላይ የተፈጸመ የግብረ ሥጋ ድፍረት ከ13 እስከ 25 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ጥቃቱ በቅርቡ ከሆነ ልጁን አያጥቡ፣ ልብሱንም እንደዚያው። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለዚሁ የተቋቋመ የአንድ መስኮት ማዕከል አለ። ሕክምናውም የሕግ ጉዳዩም እዚያው ይጀመራል።

ልጆች ፍርድ ቤት ከዚያ ሰው ፊት የሚቆሙ እየመሰላቸው ይፈራሉ። ልደታ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን ልጁን በሌላ ክፍል ከባለሙያ ጋር አስቀምጦ ቃሉን በካሜራ የሚሰማበት ችሎት አለው። ይህን አስቀድመው ይንገሩት።