ጨረቃና ደማቅ ፕላኔቶች በየሌሊቱ ቦታ ሲቀይሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ሰማይ ከሚነገሩት የተሳሳቱ ሐሳቦች ብዙዎቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ሰማይ ላይ ሁለት እንቅስቃሴዎች በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ፤ ተመልካቹ ግን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። የመጀመሪያው መሬት በዛቢያዋ ላይ በመሽከርከሯ የሚመጣ ነው፤ ፀሐይን፣ ጨረቃን፣ ፕላኔትንና ኮከብን ሳይለይ ሁሉንም በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው እጅግ ዝግ ያለ ሲሆን፣ ጨረቃና ፕላኔቶች በክዋክብት መካከል የሚያደርጉት የየራሳቸው ጉዞ ነው። ይህ ጉዞ ደግሞ በአብዛኛው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ሁለቱን መለየት የቻለ ሰው ከታች ከተዘረዘሩት ስሕተቶች አብዛኞቹን ራሱ ሊያርማቸው ይችላል።

«ጨረቃ የምትጓዘው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው»

ከወጣችበት እስከምትገባበት ለተከታተላት ሰው እንዲያ ትመስላለች፤ ያ ግን የመሬት መሽከርከር እንጂ የጨረቃ ጉዞ አይደለም። ጨረቃ በራሷ መንገድ የምትሄደው ወደ ምሥራቅ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል፣ ማለትም ግማሽ ዲግሪ ገደማ ትራመዳለች፤ በአንድ ቀን ደግሞ 13 ዲግሪ ያህል። ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ ጨረቃ ዛሬ ማታ ከነበረችባቸው ክዋክብት ነገ በዚያው ሰዓት ከአንድ ጭብጥ በላይ ርቃ ትገኛለች።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አልዴባራን፣ ሬጉለስ፣ ስፓይካና አንታሬስ የተባሉት አራት ደማቅ ክዋክብት ጨረቃ በየወሩ በምታልፍበት ጎዳና ዳር ይገኛሉ። ከእነዚህ በአንዱ አጠገብ የምትሆንበት ምሽት ሲመጣ፣ ገና እንደመሸ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ወረቀት ላይ መሳል፣ ከዚያም ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ማየት ነው። ኮከቡም ጨረቃም ወደ ምዕራብ አዘንብለዋል፤ ክፍተቱ ግን የቀድሞው አይደለም። ኮከቡ ከጨረቃ በስተምሥራቅ ከነበረ ጠብቧል፣ በስተምዕራብ ከነበረ ሰፍቷል። አንዳንድ ጊዜ ጨረቃ ኮከቡን ጭራሽ ትሸፍነዋለች። ጨረቃ እየሞላች ባለችበት ሰሞን ከሆነ፣ ወደ ኮከቡ ቀድሞ የሚደርሰው ጨለማው ጠርዟ ነው። ጨረቃ ብርሃንን የሚያደበዝዝ አየር ስለሌላት ኮከቡ ቀስ በቀስ አይፈዝም፤ በቅጽበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። በባዶ ዓይን ከሚታዩ የሰማይ ክስተቶች ይህን ያህል ድንገተኛ የሆነ ጥቂት ነው።

«ጨረቃ በየቀኑ በትክክል 50 ደቂቃ እየዘገየች ትወጣለች»

በአማካይ ከሆነ እውነት ነው። ጨረቃ በአንድ ቀን ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ፣ መሬት እንደገና እስክትደርስባት ድረስ ጥቂት ተጨማሪ መሽከርከር አለባት፤ ይህ ጭማሪ ወደ 50 ደቂቃ ይጠጋል። በተግባር ግን መዘግየቱ ከቀን ቀን ይለያያል፤ ምክንያቱም የጨረቃ መንገድ ከአድማስ ጋር የሚሠራው ማዕዘን አንድ ዓይነት አይደለም። ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አገሮች፣ በመከር ወራት ጨረቃ ሞልታ ሳለች የአንድ ቀን መዘግየቷ ከግማሽ ሰዓት በታች ሊወርድ ይችላል፤ በጸደይ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። በምድር ወገብ አካባቢ ልዩነቱ ጠባብ ነው። በዚህ መዘግየት የተነሳ በየወሩ ጨረቃ የማትወጣበት አንድ ቀን አለ፤ አንድ ቀን እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከወጣች፣ ቀጣይዋ መውጫ የሚመጣው ከሌላው እኩለ ሌሊት በኋላ ነው። የጨረቃ መውጫ ሰንጠረዥ ውስጥ ባዶ ቦታ ያየ ሰው የማተሚያ ቤት ስሕተት አይምሰለው።

«ጨረቃ የሌሊት ብርሃን ናት፤ ቀን ከታየች እንግዳ ነገር ነው»

እንግዳ ነገር የለውም። ጨረቃ በወር ውስጥ ከአድማስ በላይ የምትቆይበት ጊዜ ለቀንም ለሌሊትም እኩል ሊባል በሚችል መልኩ የተከፈለ ነው። እየሞላች ያለችው ግማሽ ጨረቃ እኩለ ቀን ገደማ ወጥታ እኩለ ሌሊት ገደማ ትገባለች፤ እየጎደለች ያለችው እኩለ ሌሊት ወጥታ እኩለ ቀን ትገባለች። ሌሊቱን ሙሉ የምትቆየው ሙሉ ጨረቃ ብቻ ናት።

«የጨረቃ ቅርጽ የሚለዋወጠው የመሬት ጥላ እያረፈባት ነው»

ይህ አመለካከት ከሁሉም የጸና ይመስለኛል፤ የተማረውም ያልተማረውም ይደግመዋል። የሚያፈርሰው ግን ጨረቃ የምትገኝበት ቦታ ራሱ ነው። የመሬት ጥላ ሁልጊዜ የሚወድቀው ከፀሐይ በተቃራኒው በኩል ነው። ቀጭን ጨረቃ ግን የምትታየው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚያው በምዕራብ፣ ወይም ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በዚያው በምሥራቅ ነው፤ ማለትም ከፀሐይ አጠገብ። ጥላው እዚያ የሚደርስበት መንገድ የለም። ጥላው ሊያገኛት የሚችለው ሙሉ በሆነች ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚሆነው የጨረቃ ግርዶሽ ነው። ምህዋሯ 5 ዲግሪ ያህል ስላዘነበለ በአብዛኞቹ ወራት ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች።

እንግዲህ ቅርጽና ቦታ አብረው የሚሄዱ ናቸው። ከፀሐይ በምሥራቅ በኩል 90 ዲግሪ ስትርቅ ግማሽ ናት፤ 180 ዲግሪ ስትርቅ ሙሉ ናት። ይህን ያወቀ ሰው ሥዕልንም መተቸት ይችላል፦ በመሸ ሰዓት በምሥራቅ አድማስ ላይ ቀጭን ጨረቃ የሳለ ሠዓሊ የማይሆን ነገር ሥሏል። በቀጭን ጨረቃ ሁለት ጫፎች መካከል ኮከብ የሚያኖሩም አሉ፤ እዚያ ያለው የጨረቃ ጨለማ አካል ስለሆነ ኮከቡ ከጀርባው ተሸፍኖ ነበር።

ጨረቃ በክዋክብት መካከል አንድ ዙር የምትጨርሰው በ27.3 ቀን ሲሆን፣ ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ ያለው ጊዜ ግን 29.5 ቀን ነው። ዙሯን እስክትጨርስ ፀሐይም በክዋክብት መካከል ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብላ ስለምትጠብቃት፣ እርሷን ለመድረስ ሁለት ቀን ከምናምን ይጨምርባታል።

«ጁፒተር በሁለት ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ተጓዘ»

ማታ ከቤት ጣሪያ በላይ የታየ ደማቅ ነጥብ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣሪያውን አልፎ ሲገኝ «ተንቀሳቀሰ፤ ስለዚህ ፕላኔት ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። በዚያው ሁለት ሰዓት ውስጥ አጠገቡ ያሉት ክዋክብትም እኩል ተንቀሳቅሰዋል። በሚቀጥለው ቀን በዚያው ሰዓት ቢመለሱም ጣሪያው ያታልላል፤ ማንኛውም ኮከብ በየዕለቱ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ስለሚወጣ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ሲታይ በየዕለቱ አንድ ዲግሪ ወደ ምዕራብ ገፋ ብሎ ይገኛል። በወር ውስጥ ይህ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይሆናል። ጣሪያ፣ ዛፍና ተራራ ለዚህ ሥራ መለኪያ አይሆኑም። መለኪያው ጎረቤት ኮከብ ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታዩ ፕላኔቶች ጠባያቸው ለየቅል ነው። ቬነስ በፈጠነችበት ወቅት በቀን ከአንድ ዲግሪ በላይ ስለምትሄድ፣ ከአንድ ኮከብ አጠገብ ከሆነች ለውጧ በማግስቱ ይታያል። ማርስ ሲፈጥን ቀርቦ ለተመለከተው ሰው ሁለትና ሦስት ሌሊት ይበቃዋል። ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት አንድ ሁለት ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሳተርን ዙሩን የሚጨርሰው በ29.5 ዓመት ነው፤ እርሱን ለያዘ ሰው በወር አንድ ጊዜ መሳል አይበዛበትም።

«ፕላኔቶች አንዳንዴ ቆመው ወደ ኋላ ይመለሳሉ»

ወደ ምሥራቅ ሲሄድ የቆየው ማርስ አንድ ሰሞን ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ለሁለት ወር ተኩል ገደማ ወደ ምዕራብ ይመለሳል፤ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። የሚሳሳተው ዓይን ሳይሆን ትርጓሜው ነው። በአውራ ጎዳና ላይ ሌላ መኪና ቀድሞ ለሚያልፍ ተሳፋሪ፣ የተቀደመው መኪና ከሩቁ ተራራ አንጻር ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስለዋል። መሬትም ከእርሷ ውጭ ካሉት ፕላኔቶች ይልቅ በአጭር መንገድና በፍጥነት ስለምትዞር በየጊዜው ትቀድማቸዋለች። ማርስን በየ26 ወሩ፣ ጁፒተርን በየ13 ወሩ፣ ሳተርንን በየ378 ቀኑ ገደማ። ጁፒተር በዚህ ምክንያት 4 ወር ያህል፣ ሳተርን 4 ወር ተኩል ያህል ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ይታያሉ። ወቅቱን ለማወቅ ሰንጠረዥ ባይኖርም ይቻላል፤ ፕላኔቱ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ የሚወጣ ከሆነና ደምቆ ከታየ፣ ወደ ኋላ በመሄዱ መካከል ላይ ነው።

የጥንቱ ሊቅ ቶሎሚ ይህን ለማስረዳት በክብ ላይ ሌላ ክብ ደርቦ ነበር። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ መሬትን ከፕላኔቶች ጋር ባሰለፋት ጊዜ ግን፣ ወደ ኋላ መሄዱ ከመሬት እንቅስቃሴ የሚመጣ መሆኑ ግልጽ ሆነ። ሜርኩሪም በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል፤ ለተበላሸ ስልክና ለፈረሰ ውል ሁሉ ተጠያቂ የሚያደርጉት ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰሞን ከፀሐይ አጠገብ ስለሚሆን አይተውት አያውቁም።

«አጥቢያ ኮከብና የምሽቱ ደማቅ ኮከብ ሁለት ናቸው»

ሁለቱም ቬነስ ናት፤ ኮከብም አይደለችም። ምህዋሯ ከመሬት ምህዋር ውስጥ ስለሆነ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ገደማ በላይ ርቃ አትታይም። ለብዙ ወራት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ ትታያለች፤ ከዚያ በፍጥነት ወደ ፀሐይ ታዘቀዝቅና ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ትሰወራለች፤ ቀጥላ ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ ብቅ ትላለች። በሌላው ጊዜ፣ ከፀሐይ ጀርባ በምታልፍበት ወቅት፣ መሰወሯ ከወር ያልፋል። ሙሉው ዑደት 584 ቀን ነው። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ ከራስ በላይ የሚያበራ ደማቅ ነጥብ ምንም ቢሆን ቬነስ አይደለም፤ ጁፒተር ወይም ከክዋክብት ሁሉ ደማቁ ሲሪየስ ሳይሆን አይቀርም።

«ፕላኔት ፈጽሞ አይብለጨለጭም»

ከፍ ብሎ ሲታይ ልክ ነው። አድማስ አጠገብ ግን ብርሃኑ በወፍራም አየር ስለሚያልፍ ቬነስና ሜርኩሪም እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

«ሁለት ፕላኔቶች ሲጠጋጉ እውነትም ይቀራረባሉ»

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 2020 ጁፒተርና ሳተርን በመካከላቸው የቀረው 0.1 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም የጨረቃ ስፋት አንድ አምስተኛ ነበር። በዚያች ምሽት በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ700 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይበልጣል። «ፕላኔቶች በአንድ መስመር ተሰለፉ» የሚለው ዜናም ተመሳሳይ ግነት አለበት። ሁሉም ፀሐይን የሚዞሩት በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ሊባል በሚችል መልኩ ስለሆነ፣ በየትኛውም ሌሊት የሚታዩት ፀሐይ ቀን በሄደችበት መንገድ አካባቢ ነው። መስመሩ ሁልጊዜም አለ፤ የሚለያየው በአንድ ጊዜ ስንቱ ከአድማስ በላይ እንደሚገኙ ነው።

«ይህን ሁሉ ለመከታተል ትልቅ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል»

የባቢሎን ታዛቢዎች ቬነስ የምትታይባቸውንና የምትሰወርባቸውን ቀናት ለ21 ዓመታት በሸክላ ጽላት ሲመዘግቡ ከዓይናቸው ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም። የዴንማርኩ የሰማይ ታዛቢ ቲኮ ብራሄም እ.ኤ.አ. በ1601 ሲሞት ቴሌስኮፕ ገና አልተሠራም ነበር። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1609 የፕላኔቶች መንገድ ሞላላ መሆኑን ያወጀው ብራሄ በዓይኑ ለክቶ በተወው የማርስ መዝገብ ነው።

ቴሌስኮፕ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳየው ደግሞ የጋሊሊዮ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1612 እና በጥር 1613 የጁፒተርን ጨረቃዎች ሲከታተል፣ በአካባቢው ያሉትን ክዋክብትም ይስል ነበር። ከእነዚህ አንዷ ነጥብ ኔፕቱን ነበረች። ጥር 28 ቀን 1613 በማስታወሻው ላይ ይህች ነጥብና አጠገቧ ያለው ኮከብ ባለፈው ሌሊት ይበልጥ የተራራቁ መስለው እንደታዩት ጻፈ። ልቡ ግን ጁፒተር ላይ ነበርና አልተከታተለውም። ኔፕቱን ፕላኔት መሆኑ የታወቀው ከ233 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1846 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጋሌ በርሊን ላይ ሆኖ አንድ ነጥብ በክዋክብት ካርታው ላይ እንደሌለች ካየና በማግስቱ ሌሊት ቦታዋን ቀይራ ካገኛት በኋላ ነው።