የመኪና ዕቃ ለጀልባ ሞተር፦ «ይገጥማል» ማለት ምንድን ነው?

ጅማ ላይ የጀልባ ሞተር ዕቃ የሚፈልግ ሰው ብዙ አይደለም። ከግልገል ግቤ ሐይቅ በኩል አልፎ አልፎ ይመጣል። በበደሌና በመቱ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርድም ሲያልፍ ይጠይቃል። የእኔ እንጀራ የቡና መፈልፈያ ዲዝሎችና ጄኔሬተሮች ናቸው። ነገር ግን የጀልባ ሞተር ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ አባባል ትከተላለች፦ «ማሪን ሞተር የሚባል ነገር የለም። የመኪና ሞተር ነው፣ ቀለም ቀብተው በውድ የሚሸጡት። የመኪናው ዕቃ ይገጥማል፣ አለቀ።» ሰሞኑንም አንድ ወንድማችን ይህንኑ በልበ ሙሉነት ጻፈ። ሌላው ተቀብሎ አራገበው። ሦስተኛው «በሉ እንግዲያው ለቤንዚን ጀልባዬ የመኪና ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ልግዛ» አለ። ይሄኔ ዝም ማለት አቃተኝ።

የሚያናድደው ሰውዬው ግማሽ እውነት መያዙ ነው። የጀልባ ሞተሮች ብዙዎቹ የብስ ላይ የተወለዱ ናቸው። የመርክሩዘር 5.7 ሊትር ቤንዚን ሞተር ብሎኩ (ዋናው የሞተር አካል) የሼቭሮሌት 350 ነው። ናኒና ቤታ ማሪን የኩቦታን ሞተር ወስደው ለውሃ ያለብሱታል። የያንማር 6ኤልፒ መነሻው የላንድክሩዘር 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ነው። ፐርኪንስ 4.236ን ደግሞ የማሲ ፈርጉሰን ትራክተር የነካ ብዙ ሰው ያውቀዋል። አራት ሲሊንደር፣ 236 ኪዩቢክ ኢንች፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ይሄው ሞተር ጀልባ ላይም ይቀመጣል። ስለዚህ ብሮንዚና (የአክስ ማረፊያ)፣ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ወይም የናፍጣ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ሲጠፋ ትራክተር ዕቃ ቤት መሄድ ሞኝነት አይደለም። ሲኤቪ 296 የሚባለው የናፍጣ ፊልትሮ ትራክተር ላይ አለ፣ ጄኔሬተር ላይ አለ፣ ጀልባ ላይም አለ። «ማሪን» ብሎ ለጻፈበት ካርቶን ተጨማሪ ብር መክፈል በእርግጥ ቂልነት ነው። እስከዚህ ድረስ ከወንድማችን ጋር ተስማምተናል።

ጸቡ የሚጀምረው «ይገጥማል» ከምትለው ቃል በኋላ ነው። ዕቃው ብሎን ቀዳዳው ላይ ከተቀመጠ፣ ጥርሱ ከያዘ፣ ሞተሩም ከተነሳ ሰው ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። አንድ ዕቃ ሌላውን ተካ የሚባለው ግን ያኛው ይሠራው የነበረውን ሥራ ሁሉ ሲሠራ ነው፤ ያኛው ይከለክለው የነበረውን አደጋም ሲከለክል። ሁለተኛዋን ማንም አያያትም፤ ዕቃው ላይ ተጽፋ አትገኝማ።

በመጀመሪያ ግን ሞተሩ የማን እንደሆነ በትክክል ይታወቅ። «የላንድክሩዘር ነው» ብቻውን አይበቃም። እኛ አገር በብዛት የምናየው የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር 1ኤችዜድ ነው። የፒስቶኑ ስፋት 94 ሚሊሜትር፣ ምቱ (ፒስቶኑ የሚመላለስበት ርዝመት) 100 ሚሊሜትር። ያንማር የተነሳበት የ1ኤችዲ ቤተሰብም ስፋቱ 94፣ ምቱ 100 ነው። ሊትሩም አንድ ነው። ካሊፐር ይዞ የመጣ ሰው «አንድ ናቸው» ብሎ ይምላል። ሁለቱን ፒስቶኖች ጎን ለጎን አስቀምጡና ከላይ እዩአቸው። 1ኤችዜድ ናፍጣውን የሚያቃጥለው ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። 1ኤችዲ ግን ናፍጣውን በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ይረጫል። ለዚህም የፒስቶኑ አናት እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተቆፍሯል፤ ቱርቦም አለበት። አንዱን በሌላው ቦታ መክተት ሞተር መግደል ነው። ስለዚህ ብሎኩ ላይ በቅርጹ የወጣውን ቁጥር አንብቡ። የተለጠፈ ወረቀት ይላጣል፣ ቀለም ይቀየራል፣ የብሎክ ቁጥር ግን ከብረቱ ጋር የፈሰሰ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። የመኪና ሞተርና የጀልባ ሞተር ብሎካቸው አንድ ቢሆንም ኑሯቸው አይገናኝም። ከጅማ አዲስ አበባ የሚሄድ አይሱዙ የግቤ በረሃን ያውቃል። ወርዶ ድልድዩን ይሻገርና ወደ ወልቂጤ ሽቅብ ይያያዘዋል። ማርሽ ቀንሶ፣ ነዳጅ ረግጦ፣ የሙቀቱን መርፌ እያየ። የጀልባ ሞተር ማለት ያንን ዳገት ሲወጣ የሚውል አይሱዙ ነው። ወልቂጤ አይደርስም። ሜዳ የለውም፣ ቁልቁለትም የለውም። መኪና ሜዳ ላይ ከጉልበቱ ጥቂቱን ብቻ ተጠቅሞ ይነዳል፤ ነዳጁን ስትለቁለት በራሱ ይንከባለላል። ጀልባ ነዳጅ ሲለቁት ውሃው ወዲያው ይይዘዋል። ፕሮፔለሩ ዙሩ እጥፍ ሲሆን የሚጠይቀው ኃይል ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። በዚያ ላይ አይሱዙው ፊት ለፊት ንፋስ ያገኛል። ጀልባው ውስጥ ያለው ሞተር ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበታል። እንዲያውም ግቤን የሚወጣው መኪና ኮፈኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው ብላችሁ አስቡት። (የቡና መፈልፈያ ሞተርም በመኸር ጊዜ እንዲሁ ሲደክም ይውላል፤ ግን ቢያንስ ክፍት ቦታ ላይ ነው፣ ሰውም አጠገቡ ቆሟል።)

ዳገቱን ካያችሁ የዕቃዎቹ ልዩነት አብሮ ይታያል። የጀልባው ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ጉልበት እንዲሰጥ የተቀረጸ ነው። ቤንዚን ሞተር ላይ የዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) የእሳት አቅዳሚ መጠን ከመኪናው ያነሰ ነው፤ በሙሉ ጭነት ላይ ሞተሩ ቢያንኳኳ በውሃው ጩኸት መሃል ማንም አይሰማውም፣ ፒስቶኑ ግን ይበሳል። የናፍጣ ፖምፓውም ልኩ ሌላ ነው። አንድ ዓይነት የሲኤቪ ፖምፓ ከትራክተር ፈትታችሁ ጀልባ ላይ ብታስሩት ይገጥማል፣ ሞተሩም ይነሳል። የሚሰጠው ናፍጣና የዙሩ ገደብ ግን የትራክተር ነው። የፖምፓ ላቦራቶሪ ሳይገባና በጀልባው ልክ ሳይስተካከል አይታሰር።

አሁን የዚያ የሞተሪኖ ገዢ ነገር። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። መኪና ላይ ቤንዚን ቢንጠባጠብ አስፋልት ላይ ይወድቃል፣ ንፋስ ይወስደዋል። ጀልባ ላይ የሚወድቅበት አስፋልት የለም። ትነቱ የጀልባው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የመኪና ሞተሪኖ ደግሞ በሚዞርበት ጊዜ ውስጡ ካርቦኖቹ ይፈነጥቃሉ፤ ክፍት ቦታ ስላለውም ብልጭታው ከውጭ አየር ጋር ይገናኛል። ለቤንዚን ጀልባ የተሠራውን ሞተሪኖ ገልብጣችሁ የኋላ ክዳኑን እዩት። ዙሪያውን ታሽጓል። ዲናሞውንም እዩት፤ በአየር ማስገቢያዎቹ ላይ ደቃቅ ወንፊት አለው። ውስጥ እሳት ቢነሳ እንኳ ነበልባሉ ወጥቶ ትነቱን እንዳያገኝ ነው። በአሜሪካ ሕግ ለቤንዚን ጀልባ ግዴታ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ ሞተሪኖዎች ብሎናቸው አንድ ነው፣ ጥርሳቸው አንድ ነው፣ ሞተሩን እኩል ያስነሳሉ። አንደኛው ግን አንድ ቀን ጀልባውን ከነሰዎቹ ያቃጥላል።

ካርቡራተሩም እንዲሁ። የመኪናው ሲሞላና ሲያፈስ ቤንዚኑ በውጭ ይወርዳል። የጀልባው ካርቡራተር የመተንፈሻ ቱቦዎቹ ወደ ራሱ ጉሮሮ የታጠፉ ናቸው፤ የተረፈው ቤንዚን ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል እንጂ ወደ ታች አይንጠባጠብም። ሜካኒካል የቤንዚን ፖምፓውም ሁለት ዲያፍራም (ቤንዚኑን የሚገፋ ስስ ሽፋን) አለው። አንዱ ሲቀደድ ቤንዚኑ ውስጧን በምታሳይ ቀጭን ቱቦ ወደ ካርቡራተሩ ይሄዳል። ቱቦዋ ውስጥ ቤንዚን ካያችሁ ፖምፓው ሞቷል ማለት ነው። የመኪናው ፖምፓ ሲቀደድ ዝም ብሎ ያፈሳል። የነዳጅ ቱቦውም ቢሆን የጀልባው እሳት ለጥቂት ደቂቃ እንዲቋቋም የተሠራ ነው። ናፍጣ ከሆነ ሞተራችሁ ይህ ሁሉ ጭንቀት በጣም ይቀንሳል። ወንድማችን ይህን ለይቶ ቢጽፍ ኖሮ እኔም አልጽፍም ነበር።

የሱ ዋና መከራከሪያ «እኛ ባሕር የለንም፣ ጨው የለንም፣ ማሪን ዕቃ ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ጨው ለእሳቱ ምን አገባው? ከላይ ያልኩት ሁሉ ጣና ላይም፣ ግልገል ግቤ ላይም ያው ነው። ዝገቱን በተመለከተ ደግሞ መጠየቅ ያለበት ሞተሩ በምን ይቀዘቅዛል የሚለው ነው። የራሱን ዝግ ውሃ ከነኩላንቱ የሚያዞር ከሆነ የመኪና ቴርሞስታት፣ የመኪና የውሃ ፖምፓ፣ የመኪና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ብዙ ጊዜ ይሠራሉ። የሐይቁን ውሃ በቀጥታ ብሎኩ ውስጥ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ውሃው ጣፋጭ ቢሆንም በየደቂቃው አዲስ ኦክስጅን ይዞ ይገባል። የመኪናው የቴስታታ ጓርኒሲዮን የብረት ልብ ካለው ከውስጥ ይበላል። ብሎኩ ላይ ያሉት ክብ የብረት ውታፎችም ይዝጋሉ፤ ለጀልባ የሚሠሩት የነሐስ ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ቴርሞስታት የሚከፈተው 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የመኪናው 82 ወይም 88 ነው። በሚሞቅበት መጠን ከሐይቁ ውሃ የሚወጣው ነጭ ጠጠር የውሃ መንገዱን ይደፍናል። ሁሉም የኛ ውሃ ጣፋጭ ነው ያለው ማን እንደሆነም አላውቅም። ሻላና አቢጃታ ሶዳ ናቸው። ሶዳ ደግሞ አሉሚኒየም ይበላል።

የሚለካ ዕቃ ላይ ግን አትፍሩ። ኩሽኔታ ቁጥር ነው። 6204 የትም ብትሄዱ 20 በ47 በ14 ነው፤ መኪና ይሁን ጀልባ ይሁን ወፍጮ አይጠይቅም። ከቁጥሩ ኋላ ያለውን ግን አንብቡ። 2አርኤስ በሁለቱም ጎን የላስቲክ መሸፈኛ ያለው ነው፤ ውሃ አጠገብ የሚፈለገው እሱ ነው። ዜድዜድ የቆርቆሮ ነው፤ ውሃ አይከለክልም። ቺንጋ ስፋቱና ርዝመቱ ነው። ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያመልጥ የሚያሽገው ላስቲክ) የውስጥ፣ የውጭና የውፍረት ልኩ ነው፤ ነገር ግን ከንፈሩ ላይ ሰያፍ መስመሮች ካሉት ለአንድ አቅጣጫ ዙር ብቻ ነው። ይህን የምለው ሁለት ሞተር ያለው ጀልባ ላይ አንደኛው ሞተር በተቃራኒ የሚዞርበት ጊዜ ስላለ ነው። የዚያ ሞተር ካምሻፍትና ሞተሪኖም ሌላ ነው።

ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ያለው ሰው ከዚህ ጽሑፍ የሚያገኘው ትንሽ ነው። እሱ በአብዛኛው ከመኪና አልተወለደም። ከመኪና ዕቃ ቤት የሚያገኘው ምናልባት ካንዴላ ነው። እሱም ላይ ወጥመድ አለ። ኤንጂኬ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ (ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ) ይሆናል፤ ቦሽና ቻምፒዮን ላይ ግን ቁጥር ሲጨምር ሙቅ ይሆናል። የጥርሱን ርዝመትም ለኩ። በኤንጂኬ ቁጥር ውስጥ «ኤች» ካለ 12.7፣ «ኢ» ካለ 19 ሚሊሜትር ነው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ላይ ያለ ችግር ይታሰራል። ከዚያ ፒስቶኑ መጥቶ ይመታዋል።

ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር። ጅማ 1,700 ሜትር ከፍታን አልፋለች፣ ጣናም እዚያው ገደማ ነው። አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። ለባሕር ወለል የተመረጠ ፕሮፔለር ስለሚከብደው ዙሩን አይሞላም፣ ያጨሳል። ሰው ኢንጀክተር ይቀይራል፣ ፖምፓ ያስፈታል። ጥፋቱ ግን ፕሮፔለሩ ላይ ነው።

የመኪና አቻ ጭራሽ የሌለው ዕቃ ከፈለጋችሁ ደግሞ የሐይቅ ውሃ የሚስበው ፖምፓ ውስጥ ያለው ባለ ክንፍ ላስቲክ ነው። ያለ ውሃ ትንሽ ከዞረ ይቃጠላል። የተቆረጡት ክንፎች መንገዱን ይዘው ሄደው ማቀዝቀዣውን ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ስትቀይሩ የጎደሉትን ቁርጥራጮች ፈልጋችሁ አውጡ። የድሮውን ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ። ዲያሜትሩ፣ ስፋቱ፣ የአክሱ ቀዳዳ፣ የክንፉ ብዛትና አያያዙ ይለካ። ስትገዙም ሁለት ግዙ።