የባርቤዶስ ሌበር ፓርቲ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ባርቤዶስን ነፃ ያወጣት እሱ ነው»

አይደለም። ፓርቲውን በ1938 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቋቋሙት ግራንትሊ አዳምስ የካሪቢያኗ ደሴት የመጀመሪያው ፕሪሚየር (በብሪታንያ ቅኝ ግዛት ዘመን የመንግሥት መሪ) ሆኑ እንጂ በ1961 ምርጫ ፓርቲያቸው ተሸንፏል። ኖቬምበር 30 ቀን 1966 የነፃነቷ ባንዲራ ሲሰቀል ሥልጣን ላይ የነበሩት ኤሮል ባሮው ናቸው። ባሮው ደግሞ ከዚሁ ፓርቲ ወጥተው በ1955 ዴሞክራቲክ ሌበር ፓርቲን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ተቀናቃኞች «ሌበር» ነን ይላሉ፤ ስሙን ብቻ አይቶ ግራና ቀኝ ለመለየት የሚሞክር ሰው መሳሳቱ አይቀርም።

«30 ወንበር ሁሉ የእሱ የሆነው ሕዝቡ በሙሉ ስለመረጠው ነው»

በ2018 እና በ2022 ከ30 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበር 30ውን መውሰዱ እውነት ነው። በ2022 ያገኘው ድምፅ ግን 69 በመቶ ገደማ ነበር፤ ሩብ ያህል ድምፅ ያገኘው ዴሞክራቲክ ሌበር ፓርቲ ባዶ እጁን ቀረ። ምክንያቱ ኢትዮጵያም የምትሠራበት የምርጫ ሥርዓት ነው፦ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ያልፋል፤ የተሸናፊዎቹ ድምፅ ወደ ሌላ ክልል አይሻገርም። ለምሳሌ 4,000 ሰው በመረጠበት ክልል ሦስት ዕጩዎች 1,800፣ 1,500 እና 700 ድምፅ ቢያገኙ፣ የመጀመሪያው ፓርላማ ይገባል፤ 2,200 ድምፅ እዚያው ይቀራል። የተቃዋሚው ደጋፊ በመላ ደሴቲቱ ተበትኖ፣ የትም ቦታ አንደኛ ካላደረገው፣ ሩቡ ድምፅ ዜሮ ወንበር ይሆናል።

ጣጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ከ21 የሴኔት (የፓርላማው ላይኛው ምክር ቤት) አባላት ሁለቱ የሚሾሙት በተቃዋሚ መሪው ምክር ነው፤ ተቃዋሚ ከሌለ መሪም የለም። በ2018 ከምርጫው ጥቂት ቀናት በኋላ ጆሴፍ አተርሊ፣ በ2024 ደግሞ ራልፍ ቶርን፣ በዚሁ ፓርቲ ተመርጠው ገብተው ሲያበቁ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ተቃዋሚው ጎራ ተሻገሩ። መራጩ ያላስገባው ተቃዋሚ የተገኘው ከገዥው ፓርቲ ጓዳ ነው!

«ሪፐብሊክ ስትሆን ሚያ ሞትሊ ፕሬዚዳንት ሆኑ»

የፓርቲው መሪ ሞትሊ ያኔም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ2021 በብሪታንያ ንግሥት ቦታ ርእሰ ብሔር የሆኑት ሳንድራ ሜሰን ናቸው። ሕዝበ ውሳኔ አልተካሄደም፤ ፓርላማው ነው የወሰነው። ባርቤዶስ ከኮመንዌልዝም (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አልወጣችም።

«ግራ ዘመም ፓርቲ ከአይኤምኤፍ ጋር አይስማማም»

ፓርቲው በ2018 ሥልጣን እንደያዘ የውጭ ዕዳ ክፍያ አቆመ፣ ከዚያም ከአይኤምኤፍ (ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ጋር ወደ 290 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ የብድር ፕሮግራም ተፈራረመ፤ የመንግሥት ሠራተኛም ቀነሰ። የፈራው የምንዛሪውን ጉዳይ ነው፦ ከ1975 ጀምሮ 2 የባርቤዶስ ዶላር በ1 የአሜሪካ ዶላር ይመነዘራል። የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ ተሟጦ ይህ ተመን ቢሰበር ኖሮ፣ አብዛኛው ምግብ በመርከብ በሚገባባት ደሴት ቀድሞ የሚጎዳው ደመወዝተኛው ነበር።