ሲኦቱ ወይስ አየር? ስለ ፔይንትቦል ሲሊንደር የሚወራውና እውነታው

ሜሪላንድ ውስጥ ከሐበሻ ልጆች ጋር አልፎ አልፎ ፔይንትቦል እንጫወታለን። ቀለም የተሞላች ኳስ ተኩሰህ ባላጋራህን ቀለም ትቀባዋለህ፣ እሱም ይወጣል። መሣሪያውን «ማርከር» ይሉታል፤ መጀመሪያ የተሠራው ዛፍና ከብት ላይ ምልክት ለማድረግ ነበር። ኳሷን የሚገፋት ባሩድ ሳይሆን ማርከሩ ላይ በሚታሰር ሲሊንደር ውስጥ ያለ ጋዝ ነው። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የታመቀ አየር ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም «ሲኦቱ» ነው የሚለው። አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር ስለዚህ ሲሊንደር የማይወራ ነገር የለም።

«ሲኦቱ ኃይለኛ ነው፣ ራቅ አድርጎ ይመታል»

ይሄን ያልሰማ ተጫዋች የለም። ግን ኳሷ ምን ያህል እንደምትርቅ የሚወስነው ከአፈሙዙ ስትወጣ ያላት ፍጥነት ነው። ፍጥነቱን ደግሞ ማርከሩ ላይ ባለው ብሎን ታስተካክለዋለህ። ሜዳ ሳትገባ በፍጥነት መለኪያ ያስተኩሱሃል። በሰከንድ ከ300 ጫማ፣ ማለትም ከ91 ሜትር በላይ አይፈቀድም፤ ብዙ ሜዳዎች 280 ላይ ያቆሙሃል። ሁለቱም ጋዞች እዚያ ያደርሱሃል። ልዩነታቸው እዚያው ረግቶ መቆየቱ ላይ ነው።

ሲኦቱ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀመጠው ፈሳሽ ሆኖ ነው። የሚገፋው ከፈሳሹ የሚተነው ጋዝ ስለሆነ ግፊቱ እንደ ቀኑ ሙቀት ይለዋወጣል። 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 35 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፣ 20 ዲግሪ ላይ 57፣ 30 ዲግሪ ላይ 72።

ይሄን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። የኅዳር ጠዋት ነበር፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። የያዝኩት ማርከር ርካሽ ነገር ነው፣ ግፊት የሚመጥንለት ምንም የለውም። ኳሷ እግሬ ሥር ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ብሎኑን ጠበቅ፣ ደግሞ ጠበቅ አድርጌ 280 አስገባኋት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጣች። ዳኛው ድንገት ጠርቶ ለካኝ፤ 315! ከሜዳ ውጣ ተባልኩ።

ቶሎ ቶሎ ስትተኩስ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ፈሳሹ ሲተን ሙቀት ስለሚስብ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ቡታ ጋዝ ላይ ትልቅ ድስት ጥደህ ብዙ ስታነድ ሲሊንደሩ እንደሚያልበው ማለት ነው። የታመቀ አየር ይሄ ጣጣ የለበትም። ውስጡ ያለው ጋዝ ነው፣ ሬጉሌተር የሚሉት የግፊት መመጠኛም እየመጠነ ይለቀዋል።

«4500 የተጻፈበት ሲሊንደር ማርከሩን ይሰባብረዋል»

ቁጥሩስ ያስፈራል። 4500 ፒኤስአይ (ሌላው የግፊት መለኪያ) 310 ባር ነው፤ የመኪናህ ጎማ የሚይዘው 30 ምናምን ፒኤስአይ ነው። ግን ይሄ ሲሊንደሩ ውስጥ የታጨቀው ነው። አፉ ላይ ያለው ሬጉሌተር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 800 ወይም 850 አውርዶ ነው ለማርከሩ የሚሰጠው። ባለ 3000ውም እንደዚያው።

ታዲያ 4500 ምን ይጠቅማል? ብዙ ያስተኩሳል። ሲሊንደር ላይ 48/3000 ወይም 68/4500 ተብሎ ይጻፋል፤ የፊተኛው ቁጥር የሲሊንደሩ መጠን ነው፣ በኩቢክ ኢንች። አባዛቸው፤ ሁለተኛው ከእጥፍ ትንሽ ይበልጣል። እንደ ማርከሩ ቢለያይም በግምት አንዱ 450፣ ሌላው 1000 ኳስ ያስተኩሳል። ሳትገዛ በፊት ግን የምትጫወትበት ሜዳ እስከ ስንት እንደሚሞላ ጠይቅ። 3000 ላይ የሚያቆም ከሆነ ውዱ ሲሊንደርህ ሲሶው ባዶ ሆኖ ትጫወታለህ። ባለ 3000ውን ደግሞ ከ3000 በላይ መሙላት የለም።

«ጥርሱ ከገጠመ ይሠራል»

የሲኦቱውም የአየሩም ሲሊንደር የብሎን ጥርስ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገጥማል። መግጠሙ ግን ብቻውን አይበቃም። ባትሪ ያለው ማርከር ውስጥ ፈሳሽ ሲኦቱ ከገባ ኦሪንጉን (ጋዝ እንዳያፈስ የሚያደርገውን የጎማ ቀለበት) እና ቫልቩን በቅዝቃዜ ያበላሻል። ማርከርህ ባትሪ ካለው አየር ግዛ፣ አለቀ።

«ጌጁን አይቼ የቀረውን አውቃለሁ»

አየር ከሆነ ልክ ነህ። ሲኦቱ ላይ ግን ፈሳሹ ሊያልቅ ትንሽ እስኪቀረው ጌጁ ብዙም አይነቃነቅም። የቀረውን የምታውቀው በሚዛን ነው። ሲሞላም እየተመዘነ ነው፤ ባለ 20 አውንስ ሲሊንደር 567 ግራም ይይዛል።

«ጎሚስታ ጋ እናስሞላዋለን»

አንዱ ከልቡ ጠይቆኛል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር 10 ባር አካባቢ ነው የሚደርሰው፤ አንተ የምትፈልገው ከ200 በላይ ነው። ወይ ሜዳው ጋ፣ ወይ የባሕር ጠላቂዎችን ሲሊንደር የሚሞሉ ሱቆች ጋ ሂድ። ቀስ ብለው ይሙሉልህ። በጥድፊያ የተሞላ ሲሊንደር ይግላል፣ ሲበርድ ግፊቱ ይወርድና «ተበላሁ» ትላለህ።

«ናይትሮጂን ከአየር ይሻላል»

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው። ማርከሩ ልዩነቱን አያውቀውም። ኦክስጅን ግን በፍጹም! መሙያው አፍ ላይ ዘይት ጠብ ማድረግም እንዲሁ፤ በከፍተኛ ግፊት አየር ውስጥ ዘይት ሊቀጣጠል ይችላል።

«ሲሊንደር ምን ይሆናል? ብረት አይደል»

ሁሉም ብረት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አሉሚኒየሙ በየ5 ዓመቱ፣ ካርቦን ፋይበሩ እንደ ዓይነቱ በየ3 ወይም በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተሻል። ካርቦን ፋይበሩ አብዛኛውን ጊዜ 15 ዓመት ሲሞላው ይጣላል። ያገለገለ ስትገዛ ከዋጋው በፊት የታተመበትን ቀን እይ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ሲሊንደሩን ከማርከሩ ስትፈታ የሲሊንደሩ አፍ ላይ ያለው ቫልቭ ከጠርሙሱ ጋር አብሮ መዞር አለበት። ቫልቩ ማርከሩ ላይ ቀርቶ ጠርሙሱ ብቻ ከዞረ፣ ግፊት ያለበትን ሲሊንደር ከአፉ እየፈታኸው ነው። እንደ ሮኬት ይወረወራል። አሜሪካ ውስጥ ሰው ሞቶበታል። መላው ቀላል ነው፤ ከቫልቩ እስከ ጠርሙሱ አንድ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም ታሰምራለህ። እኔ የእህቴን ቀይ ነው የተጠቀምኩት። መስመሩ ተዛንፎ ካየህ መፍታትህን አቁም፣ በእጅህም መልሰህ አታጥብቀው። እንዳለ ለባለሙያ አሳየው።