የመገጣጠሚያ ብግነትና የሰውነት መከላከያ መልእክተኞች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ መገጣጠሚያ ከታመመ ስሙ ቁርጥማት ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ «ብርድ ነው» ይባላል። የሐይቁ ነፋስና የክረምቱ እርጥበት ይወቀሳሉ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን ከሐይቁ አይመጣም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ሴቶችን ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበልጥ ይይዛል።

ምልክቱ ጠዋት ላይ ይጎላል። ማለዳ ሊጥ ልታቦካ የተነሳች እናት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ዘነዘናውን አጥብቃ መያዝ ያቅታታል። ረፋድ ላይ እጇ ይፍታታል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እጆች አብረው ያብጣሉ፤ በተለይ የእጅ አንጓና የጣቶች መገጣጠሚያ። በሥራ ብዛት የሚመጣ ሕመም እረፍት ሲያገኝ ይሻለዋል። ይሄኛው ግን ካረፉ በኋላ ይብሳል።

የመከላከያ ሴሎች የሚነጋገሩት ሳይቶካይን በሚባሉ ጥቃቅን መልእክተኛ ፕሮቲኖች ነው። ጀርም ሲገባ ይለቀቃሉ፣ ሌሎች ሴሎችን ይጠራሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ይቀንሳሉ። በዚህ በሽታ ግን ጥሪው አይቆምም። ዋናው ቲኤንኤፍ የተባለው ነው። እሱ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉትን ሌሎች ሳይቶካይኖች ይቀሰቅሳል። የመገጣጠሚያው ስስ የውስጥ ሽፋን ያብጥና ይወፍራል። ከዚያ የሚወጡ ኢንዛይሞች የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ክፍል ይበሉታል። አጥንት የሚያፈርሱ ሴሎችም ይነቃሉ። በዚህ የተጣመመ ጣት በመድኃኒት ብቻ አይቃናም። ለዚህ ነው ቶሎ መታከም የሚያስፈልገው።

ኢንተርሉኪን 6 ከመገጣጠሚያ አልፎ በደም ይዞራል። ጉበት ሲአርፒ የሚባለውን ፕሮቲን እንዲያመርት ያዛል። ሐኪም የደም ምርመራ ሲያዝ አንዱ የሚፈልገው ይህንን ነው። ኢንተርሉኪን 6 አይረን በሰውነት ውስጥ ታስሮ እንዲቀርም ያደርጋል፤ ደም ማነሱና ድካሙ በከፊል ከዚያ ይመጣል። መጠኑ ሊነጋጋ ሲል ስለሚጨምር የጠዋቱን መድረቅም ያባብሳል።

ቲኤንኤፍ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ያኔ የታወቀው በአይጥ ላይ ዕጢ በማጥፋቱ ነበር። በኋላ ለንደን ውስጥ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ከታማሚዎች መገጣጠሚያ በተወሰዱ ሴሎች ላይ ሠሩ። መልእክተኞቹ ብዙ ስለሆኑ አንዱን መዝጋት ዋጋ የለውም የሚሉ ነበሩ። ቲኤንኤፍ ሲዘጋ ግን ሌሎቹም ቀነሱ። እ.ኤ.አ. በ1992 የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ቲኤንኤፍን የሚዘጋውን መድኃኒት ወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለቱ ሳይንቲስቶች ላስከር የተባለውን የሕክምና ምርምር ሽልማት ተቀበሉ። በእኔ እምነት ከሕክምናው ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ ይህ ነው።

ቲኤንኤፍን የሚዘጉት መርፌዎች ግን ውድ ናቸው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜም መቀመጥ አለባቸው። ለእኛ አገር ደግሞ ሌላ ከባድ ጉዳይ አለ። በሳንባ ውስጥ የተኛውን የቲቢ ጀርም የመከላከያ ሴሎች ከብበው እንዲይዙት የሚያደርገው ያው ቲኤንኤፍ ነው። ሲዘጋ ጀርሙ ሊነሳ ይችላል። ቲቢ በሰፊው ባለበት አገር መርፌው ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ የግድ ነው።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ሳይቶካይኖቹን ቶሎ ያበርዳል። እፎይታው ስለሚያስደስት አንዳንዱ ሐኪም ሳያማክር ከፋርማሲ እየገዛ ለወራት ይውጠዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ይጨምራል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

የሕክምናው መሠረት ሜቶትሬክሴት የሚባለው ርካሽ መድኃኒት ነው። ከወባ መድኃኒቱ ከክሎሮኪን ጋር የሚዛመደው ሃይድሮክሲክሎሮኪንም ይታዘዛል። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሪፈራል የሚቀበሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ናቸው። ጸበል የሚገባ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ሜቶትሬክሴት የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ጉበትን ስለሚጎዳም አረቄና ጠላ ለሚጠጣ ሰው ያሰጋል፤ ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር ያስፈልጋል።