«ሰርቨሩ ሄዷል» ሲላችሁ

ጠዋት ካዛንቺስ ቢሮ ገብታችሁ ሲስተሙን ስትሞክሩ ማይኤስኪውኤል (MySQL፣ የሲስተሙ መረጃ የሚቀመጥበት የዳታቤዝ ሶፍትዌር) «ሰርቨሩ ሄዷል» የሚል ስህተት ያወጣል። የትም አልሄደም። ብዙ ጊዜ የተቋረጠው የእናንተ ግንኙነት ነው። ማይኤስኪውኤል ሥራ ፈቶ የቆየን ግንኙነት፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ ከ28,800 ሰከንድ ማለትም ከ8 ሰዓት በኋላ ይዘጋዋል። ማታ ሳትዘጉት የሄዳችሁት ፕሮግራም ግን ይህን አያውቅም፤ በተዘጋው መስመር ጥያቄ ይልካል። ስለዚህ የኔትወርክ ባለሙያውን ከመውቀሳችሁ በፊት (ምስኪን፣ ሁሌም እሱ ላይ ነው የሚላከከው) ፕሮግራሙ እንደገና እንዲገናኝ አድርጉ።

ስህተቱ የመጣው ትልቅ ፋይል ስትጭኑ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። የላካችሁት ከተፈቀደው መጠን በልጦ ሊሆን ስለሚችል «ማክስ አሎውድ ፓኬት» (max_allowed_packet) የሚለውን ቅንብር ከፍ አድርጉት። ካልሆነ ሰርቨሩ የምር ወድቆ ተነስቶ እንደሆነ ሎጉን (ሰርቨሩ የገጠመውን የሚመዘግብበትን ፋይል) እዩ።