«የቁልፍ» ምንድን ነው? ደሴ ላይ ግሮሰሪ ልትገዙ ስትሉ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የሚሸጥ ግሮሰሪ አለ ተብላችሁ ስትሄዱ ደላላው ሁለት ዋጋ ይነግራችኋል። አንዱ የዕቃው ነው። ሌላው «የቁልፍ» ነው። ብዙ ጊዜ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ቤቱ የሌላ ሰው ነው፣ ዕቃው ለብቻው ተቆጥሯል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ብር ለምኑ ነው?

ለለመደው ደንበኛ፣ ለቦታው፣ ለስሙና ለኪራይ ውሉ ነው። ሕጉ ለዚህ ቃል አለው። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ «የንግድ መደብር» ሲል መደርደሪያና ጠርሙስ ብቻ ማለቱ አልነበረም። መልካም ዝናውን፣ የንግድ ስሙንና የኪራይ መብቱንም ይጨምራል። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ ሕግም ይህን ሐሳብ አልተወውም። ስለዚህ ሻጭ የቁልፍ ቢጠይቅ አይገርምም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ገዢው ምን እንደገዛ ሳያውቅ መክፈሉ ነው።

አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ነው የገዛው። በርክክቡ ቀን ሻጯ፣ እናት የሚሆኑ ሴት ናቸው፣ ከባንኮኒው ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። «ይኸውልህ ልጄ፣ የዱቤው ነው፤ ካሁን በኋላ ያንተ ነው» አሉት። ገልጠን አየነው። «ሹፌሩ፣ 4 ቢራ።» «የጋራዡ ልጅ፣ 2 ቢራ።» «ቀዩ መምህር።» ስልክ የለ፣ የአባት ስም የለ። እሳቸው ሁሉንም በመልክ ያውቋቸዋል፤ እሱ አንዱንም አያውቅም። ዱቤውን መሰብሰብ አቃተው። ለአዲስም ዱቤ አልሰጥም አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ማታ ማታ ይጣሉበት የነበረው ወንበር ባዶ ቀረ። ብር የከፈለበት ዝና ከሴትየዋ ጋር ቤታቸው ገብቶ ነበር።

እናም አስቀድማችሁ ደንበኛው ለማን ብሎ እንደሚመጣ እዩ። በአዘቦት ቀን፣ ማክሰኞ ማታ በሉት፣ አንድ ጥግ ያዙና ተቀመጡ። ሰው የሚገባው መንገዱ ላይ ስለሆነ ነው ወይስ እትዬ ስላሉ? እሳቸውን ብሎ ከሆነ አንድ ወር አብረዋችሁ እንዲቆዩና ከሰው እንዲያስተዋውቋችሁ ተስማሙ። እዚያው ሰፈር ሌላ ግሮሰሪ እንዳይከፍቱም ውሉ ላይ ይጻፍ። አደራ፣ በቃል አይቅር።

«በቀን ይሄን ያህል እሸጣለሁ» የሚለውን በወረቀት አመሳክሩ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ካለው ዜድ ሪፖርቱን፣ ማሽኑ የቀኑን ሽያጭ ደምሮ የሚያወጣውን ወረቀት፣ ጠይቁ። ማሽን ከሌለው የአከፋፋዩ ደረሰኝ አለ፤ በሳምንት ስንት ሳጥን እንደገባ ከዚያ ይታወቃል። «አብዛኛው ያለ ደረሰኝ ነው የሚሸጠው» ካሏችሁ ለዚያኛው ክፍል የቁልፍ አትክፈሉ። ነገ ግብር ሰብሳቢው የሚያገኘው እናንተን ነው።

የአንድ ወር ሪፖርት ደግሞ ወሎ ላይ አይበቃም። መስከረም ከእንቁጣጣሽ እስከ ግሸን ማርያም ደሴ ሰው በሰው ናት። ጥር ጥምቀትም ሠርግም ነው። ከዚያ 55 ቀን ሁዳዴ ይመጣል። ረመዳን ሲገባም የከተማው ምሽት ሌላ መልክ ይይዛል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ጠረጴዛ የሚያመሽበት አገር ነውና። አንዳንድ ቤት ለማይጠጣው ለስላሳና ቅሪቦ እያቀረበ ነው ሁሉንም ወር የሚዘልቀው። የዓመቱን፣ አሥራ ሁለቱንም ወር እዩ።

ትልቁ አደጋ ኪራዩ ላይ ነው። ቤቱ የግለሰብ ከሆነ ባለቤቱን ራሳችሁ አግኙ፤ በስማችሁ፣ ዓመታቱ ተቆጥረው ይዋዋላችሁ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ግን ቆም በሉ። እነዚህ ቤቶች በብዛት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱ ናቸው። ተከራዩ የራሱ ያልሆነን ቤት በቁልፍ ስም ሊያስተላልፍላችሁ አይችልም። አስተዳደሩ ቤቱን ቢወስድባችሁ የከፈላችሁትን የሚመልስላችሁ የለም።

ንግድ ፈቃድም አይገዛም፤ በራሳችሁ ስም አዲስ ታወጣላችሁ። የሻጩን የግብር ክሊራንስ፣ የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳየውን ወረቀት፣ ሳታዩ ቀሪውን ክፍያ አትልቀቁ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። የግሮሰሪው ገቢ ተማሪ ላይ የቆመ ከሆነ ያ ገቢ ሕጋዊ አይደለም፣ የቁልፉ ሒሳብ ውስጥም አይግባ።

ቆጠራው ላይ አትቸኩሉ። የቢራ ስም የተጻፈበትን ፍሪጅና የድራፍት ማሽን ብዙ ጊዜ ፋብሪካው በውሰት ነው የሚሰጠው፤ ሻጩ ሊሸጥላችሁ አይችልም። ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ ስላለ ባዶ ጠርሙስ እንደ ቀላል ይታያል፤ ግን ማስያዣ የተከፈለበት ገንዘብ ነው። አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል። ጓደኛዬ ሳጥኖቹን ተደራርበው አይቶ ሙሉ ናቸው ብሎ ፈረመ። በማግስቱ ሲያወርዳቸው የታችኞቹ ግማሽ ጎደሎ ነበሩ። እያንዳንዱን ሳጥን አውርዱና ጠርሙሱን በጣታችሁ እየነካችሁ ቁጠሩ።